አንድ ካርቶን ዶሴ፣ ሦስት ከተማ፦ ፀረ-ተባይን ከጎረቤት ጋር ለመቆጣጠር የትኛው መንገድ ያዋጣል?

ለአንድ አስመጪ ድርጅት ስሠራ ዋናው ሥራዬ ካርቶን መሸከም ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም። ካርቶኑ ውስጥ ያለው የአንድ ፀረ-ተባይ ኬሚካል ዶሴ ነው፤ ኬሚካሉ አገር ውስጥ እንዲሸጥ ምዝገባ የሚጠየቅበት ሰነድ። አይጥ ላይ የተደረገ የመርዝነት ምርመራ አለ። ዓሣ ላይ፣ ንብ ላይ የተደረገም አለ። አፈር ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ከተረጨ በኋላ ቲማቲም ላይ ምን ያህል እንደሚቀር ተጽፏል። በጠቅላላው ስድስት ወፋፍራም ፋይል። የዚያው ዶሴ አንድ ቅጂ ናይሮቢ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ሌላው ካምፓላ። የሚለያዩት በማመልከቻ ደብዳቤው ብቻ ነው። በሦስቱም ከተማ አንድ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ያንኑ የአይጥ ምርመራ ከሀ ጀምሮ ያነባል።

ጠርሙሱ ግን ይሄን ሁሉ አይጠብቅም። ሞያሌ ግማሿ የኛ፣ ግማሿ የኬንያ ናት። ተሻግሮ መድኃኒት ገዝቶ መመለስ ማኪያቶ ጠጥቶ ከመነሳት ብዙም አይበልጥም። እዚያ አንድ ሱቅ ውስጥ ያየሁት ጠርሙስ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ከግርጌው ቢጫ ቀለበት አለው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ነው። በትልቁ "ሃታሪ" ይላል፤ አደጋ ማለት ነው። ሻጩ ዋጋውን በእስክርቢቶ ጽፎ የለጠፈው የመጠን ሰንጠረዡ ላይ ነው። ገዢው ሁለቱንም ቋንቋ አያነብም። "ለሽንኩርት ስንት ክዳን ነው?" አለ። "ለአንድ ፓምፕ ሁለት ክዳን።" በቃ። ሁለት አገር የደከመበት ሕግ በክዳን ተለክቶ አለቀ።

ይህን የምጽፈው ምርጫው ጠረጴዛቸው ላይ ለሚመጣባቸው ሰዎች ነው። በግብርና መሥሪያ ቤት "ለስብሰባው ወረቀት አዘጋጅ" ለተባለ ባለሙያ፣ ለአስመጪዎች ማኅበር ጸሐፊ፣ ለገበሬዎች ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ። "ከጎረቤት ጋር እንተባበር" ሲባል የሚቃወም ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ጭቅጭቁ የሚመጣው "እንዴት?" ሲባል ነው። ዓለም ላይ የተሞከሩ አምስት ያህል መንገዶች አሉ። ወጪያቸውም ጥቅማቸውም ለየቅል ነው። ዓመቶቹ "ዓ.ም." ካላልኩ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ዶሴውን ለሦስት ክፈሉት

አብዛኛው ስብሰባ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰዎች "የትኛው ድርጅት ይሻላል?" ብለው ይጀምራሉ። የአካባቢያችን የልማት ድርጅት ኢጋድ ነው? የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያው ኮሜሳ ነው? የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ነው? እኔ ካርቶን ስሸከም የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ከካርቶኑ ነው የምጀምረው። ጎረቤት የትኛውን ገጽ ያንብብልን? የትኛውን ገጽ ራሳችን ካላነበብን እንቅልፍ አይወስደንም?

የመጀመሪያው ክምር መርዝነቱ ነው። አይጡ ስዊዘርላንድ ሞተ ሕንድ ያው አይጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኬሚካሎቹን "እጅግ አደገኛ" ከሚለው ጀምሮ ደረጃ የሚያወጣላቸው በዚህ መረጃ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቀለበት ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የሚሆነውም ከዚሁ ተነስቶ ነው። ይሄን ክምር ሦስት አገር ሦስት ጊዜ የሚያነብበት ምክንያት እስካሁን አልተገለጠልኝም።

ሁለተኛው ክምር ሰውየው ምን ያህል ይነካዋል የሚለው ነው። እዚህ ላይ አገር ይለያያል። አውሮፓ የተሠራ ስሌት ረጪው ጓንት እንዳደረገ፣ ብዙ ጊዜም ትራክተር ውስጥ እንደተቀመጠ ያስባል። መቂ ሂዱና እዩ። ሰውየው መርጫውን በጀርባው አዝሏል። ቱታ የለውም። ሸሚዙ እስከ ክርን ተጠቅልሏል። የመርጫው ክዳን ስለማይገጥም በየእርምጃው ወገቡ ላይ ይንጠባጠባል። የመርጫው አፍንጫ ሲዘጋ አውልቆ በአፉ የሚነፋም አይቻለሁ። ሙቀቱ በዚያ ላይ ነው፤ ጓንትና ጭምብል ቢኖረውም አንድ ሰዓት አይታገሠውም። ለዚህ ሰውዬ የጀርመን ስሌት አይሆነውም። የኬንያው ወይም የኡጋንዳው የጓሮ ገበሬ ግን ወንድሙ ነው፤ መርጫው ያው፣ ሸሚዙ ያው። ክልላዊ ትብብር የሚባለውን ነገር እኔ የምደግፈው በዋናነት ለዚህ ክምር ስል ነው።

ሦስተኛው ክምር "መድኃኒቱ ተባዩን ይገድላል ወይ? ሰብሉንስ አይጎዳም ወይ?" የሚለው ነው። ይሄ አፈርና አየር ይፈልጋል። የጤፍ አረም መድኃኒትን ማን ይሞክርልናል? ማንም። እንሰትንም እንደዚሁ። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ቲማቲም ከሆነ ግን የኬንያ ደጋ ከአርሲ ደጋ፣ የሱዳን ገዳሪፍ ከመተማ ቆላ ብዙ አይርቅም።

እነዚህን ሦስት ክምሮች በልባችሁ ይዛችሁ አምስቱን መንገዶች እንያቸው።

አንድ፦ ብቻን መቆም፣ ከዓለም ስምምነቶች ጋር

ዛሬ ያለንበት መንገድ በአብዛኛው ይሄ ነው። ኢትዮጵያ ከደርግ መጨረሻ ዓመታት ጀምሮ የፀረ-ተባይ ምዝገባ ሕግ አላት። ኋላም አዋጅ ቁጥር 674/2002 ዓ.ም. ወጥቶለታል። መዝገቡ የራሳችን፣ ውሳኔውም የራሳችን ነው። ከውጭ በኩል ደግሞ ሁለት ዋና ስምምነቶች ይደግፉናል። በ1998 የጸደቀውና በ2004 ሥራ ላይ የዋለው የሮተርዳም ስምምነት አለ። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነት አለ።

ሮተርዳምን ብዙ ሰው በስህተት "የእገዳ ዝርዝር" ይለዋል። አይደለም። ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ኬሚካል ወደ አገራችሁ ከመላኩ በፊት ትጠየቃላችሁ፤ እሺ ወይም እምቢ ትላላችሁ። እገዳ የሚባለው ከፈለጋችሁ ስቶክሆልም ነው፤ ዲዲቲና ኢንዶሰልፋን ያሉት እዚያ ነው። ዲዲቲም ቢሆን ለወባ ትንኝ የተፈቀደ በር አለው። ያ በር እኛ አገር ጫት ማሳ ድረስ ሲከፈት ያልሰማ የለም።

የሮተርዳም ደካማ ጎን ውሳኔው በሙሉ ስምምነት ብቻ የሚያልፍ መሆኑ ነው። አንድ አገር እጁን ካወጣ ቆመ። ፓራኳት የተባለው የአረም መድኃኒት ከ2013 ጀምሮ ጉባኤ በመጣ ቁጥር ይነሳል፣ በመጣ ቁጥር ይወድቃል። አንድ ጉርሻ ቢዋጥ ማርከሻ የሌለው ነገር ነው። እንደዚያም ሆኖ።

ብቻን መቆም ለማን ይሆናል? ሰብሉ ከማንም ለማይመሳሰል፣ በቂ ባለሙያና ላቦራቶሪ ላለው። ሦስቱንም ክምር ራሱ ያነባል ማለት ነው። እኛ የማይመሳሰል ሰብሉ አለን፤ ጤፍ አለን። ባለሙያና ላቦራቶሪ ላይ ግን እንተዋወቃለን።

ብቻ የመቆም ሌላው ዕዳ የሚታየው ከዓመታት በኋላ መጋዘን ውስጥ ነው። ለአንበጣና ለተምች እየተባለ በየዘመኑ በእርዳታም በግዢም የገባ ኬሚካል ጊዜው አልፎ በየመጋዘኑ ተከማቸ። በርሜሉ ዛገ፣ ፈሰሰ። አገር ውስጥ የሚያቃጥለው ምድጃ ስላልነበረ በ2000ዎቹ መጀመሪያ 1,500 ቶን ገደማ ታሽጎ በመርከብ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ተቃጠለ። ከመግዛት ማስወገዱ ከባድ ሆነ። አንዱ አገር ትርፍ ይዞ በርሜል ሲያዝግ ጎረቤቱ በጥድፊያ አዲስ እየገዛ እንደነበር ማሰብ ነው። ምዕራብ አፍሪካ ውስጥ የአንበጣ መከላከያ ኮሚሽኑ ትርፍ ያለው አገር ለቸገረው እንዲያስተላልፍ ያደርጋል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ልማድ ቢኖር ኖሮ ስንቱ በርሜል በተረፈን።

ሁለት፦ የስልክ ቁጥር መለዋወጥ

ይሄን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። በወረቀት "የተቆጣጣሪዎች መድረክ" ይባላል። የደቡብ አፍሪካ ልማት ማኅበረሰብ አገሮች በ2011 እንዲህ ያለ መድረክ መሥርተዋል። የካሪቢያን ደሴቶችም የየአገሩን የቁጥጥር ቦርድ የሚያገናኝ አስተባባሪ ቡድን አላቸው። ማንም ለማንም አይወስንም። ተገናኝተው ይነጋገራሉ። "ይሄን ከለከልን፣ ያኛው ፋይል የውሸት ላቦራቶሪ ወረቀት ነበረው፣ እንዲህ ያለ ሐሰተኛ ጠርሙስ ያዝን" ይባባላሉ።

ቀላል ይመስላል፤ ዋጋው ግን ከቀላል በላይ ነው። የሻጮቹን ጨዋታ ከውስጥ አይቼዋለሁ። አንድ አገር እምቢ ያለው ምርት ስሙን ቀይሮ፣ መለያውን ቀይሮ ቀጣዩ አገር ይገባል። ቀጣዩ አገር የመጀመሪያው ለምን እምቢ እንዳለ አያውቅም። አንድ ስልክ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። እኔ በሠራሁበት ቤት "እዚያ የተጠየቅነውን እዚህ አንስተን አንስጥ፤ ከጠየቁን እንመልሳለን" ይባል ነበር። ውሸት አይደለም። ጠያቂው ምን እንደሚጠይቅ ካላወቀ ግን ያው ነው።

ጉድለቱም ያንኑ ያህል ግልጽ ነው። ነገሩ የተንጠለጠለው ሰው ላይ ነው። የናይሮቢው ሰውዬ ቦታ ሲቀየር ወይም ጡረታ ሲወጣ ገመዱ ይበጠሳል። ዶሴውም አሁንም ሦስት ቦታ ይነበባል።

ሦስት፦ አንድ ዓይነት ፎርም፣ የየራስ ውሳኔ

የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ የሄደው በዚህ ነው። ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያና ሌሎቹ አባላት ዶሴው ምን ምን መያዝ እንዳለበት፣ የመስክ ሙከራ እንዴት እንደሚካሄድ፣ ሰብል ላይ የሚቀረው ቅሪት እንዴት እንደሚለካ የጋራ መመሪያ አውጥተዋል። ማኅተሙ ግን የየአገሩ ነው። ኬንያ ውስጥ ይሄን ሥራ የሚሠራው ቦርድ በ1982 ሕግ የቆመ ነው፤ ልምዱ ትንሽ አይደለም።

ደቡብ አሜሪካ ውስጥ የአንዲስ አገሮች ቀድመው ጀምረውታል። ቦሊቪያ፣ ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶርና ፔሩ። የጋራ ደንባቸውን በ1998 አወጡ፤ በ2015 በአዲስ ተኩት። በመሃል ያሉት ዓመታት የሚናገሩት ነገር አለ። ፎርም ማመሳሰል የአንድ ስብሰባ ሥራ ይመስላል እንጂ፣ ከተጀመረ በኋላም መታረም ይፈልጋል።

ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም። ይሄን ብዙ ሰው ሲሰማ "እንግዲያው አይመለከተንም" ብሎ ገጹን ይዘጋል። ለምን? የጎረቤትን ፎርም ለመቅዳት አባልነት አያስፈልግም። የመስክ ሙከራ ዘዴያችን ከነሱ ጋር ከገጠመ፣ ናኩሩ ስንዴ ላይ የተሠራ ሙከራ አርሲ ላይ ከሚሠሩት ወቅቶች አንዱን ሊተካ ይችላል። ለአስመጪው አንድ ዓመት፣ ለገበሬው ደግሞ ለዘብ ያለ አዲስ መድኃኒት አንድ ዓመት ቀድሞ መጣ ማለት ነው። ለዘብ ያለ አዲስ መድኃኒት ዘገየ ማለት አሮጌው ገዳይ ሱቅ ውስጥ ሰነበተ ማለት ነው። ይሄ ነጥብ ሁሌ ይረሳል።

እኛም የምንሰጠው አለን። በኔዘርላንድ ድጋፍ በተሠራ የፀረ-ተባይ ስጋት ቅነሳ ፕሮግራም ውስጥ ለኢትዮጵያ ወንዝና ኩሬ ታስቦ የተዘጋጀ የስጋት ማስሊያ ሞዴል አለ፤ ፕራይሜት ይባላል። ሰው ከማሳው ዳር ካለ ኩሬ ቀድቶ የሚጠጣ መሆኑን ይቆጥራል። የአውሮፓ ሞዴል ይሄን ለመቁጠር ምክንያት የለውም። ሰሜን ኬንያና ሶማሊያ ግን አላቸው።

አራት፦ የአውሮፓ መንገድ

አጭር አደርገዋለሁ። የአውሮፓ ኅብረት ዋናውን ንጥረ ነገር በማዕከል ያጸድቃል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ምርት ደግሞ አገሮች ይመዘግባሉ። ለዚህ አኅጉሩ በሰሜን፣ በመካከልና በደቡብ ለሦስት ተከፍሏል። በአንዱ ዞን አንድ አገር ይመረምራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ደንቡ ቁጥር 1107/2009 ነው፤ ከ2011 ጀምሮ ይሠራል።

ሐሳቡ ያምራል። ዞን የሚለው ነገር ደግሞ ለኛ ደጋና ቆላ የተፈጠረ ይመስላል፤ የድንበር መስመሩን ትቶ አየሩን ይከተላል። ግን ከኋላው የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን አለ፣ የሳይንቲስት ሠራዊት አለ፣ የሚያስገድድ ፍርድ ቤት አለ። እነዚህ ሦስቱ በሌሉበት ዞን ማውራት መሠረት ሳይቆፍሩ ጣሪያ መምረጥ ነው። ደግሞ የአውሮፓን እጅ እንዳለ ለመሳም አትቸኩሉ። ለራሳቸው ማሳ የከለከሉትን ኬሚካል ለሌላው ዓለም ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። ፈረንሳይ ይሄን በሕግ መከልከል የጀመረችው ከ2022 ነው።

አምስት፦ አንድ ኮሚቴ፣ አንድ ማኅተም

እኔን ሁሌም የሚያስገርመኝ ይሄኛው ነው። የሠሩት ሀብታሞች አይደሉም። ቡርኪና ፋሶ፣ ማሊ፣ ኒጀር፣ ቻድ፣ ሴኔጋል፣ ሞሪታኒያ፣ ጋምቢያ፣ ጊኒ ቢሳውና ኬፕ ቨርድ ናቸው። የድርቅ መከላከያ ኮሚቴያቸው በ1973 የተመሠረተ ነው። በ1992 የጋራ የፀረ-ተባይ ምዝገባ ደንብ ፈረሙ። በ1994 የሳህል ፀረ-ተባይ ኮሚቴ ሥራ ጀመረ። መቀመጫው ባማኮ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስመጪው አንድ ዶሴ ለባማኮ ያቀርባል። ከየአገሩ የተውጣጡ ባለሙያዎች ይሰበሰባሉ። የመርዝ ባለሙያ አለ፣ የግብርና አለ፣ የአካባቢ አለ። ዶሴው ጥሩ ሆኖ ትንሽ የሚጎድለው ካለ የሦስት ዓመት ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጡታል። ሲሟላ የአምስት ዓመት ምዝገባ ያገኛል። አንድ ጊዜ ካለፈ በሁሉም አባል አገር አለፈ። ከወደቀም በሁሉም ወደቀ፤ "እዚያ ባይሆን እዚህ" የሚባል ጨዋታ የለም። ያ ካርቶኔ ትዝ አለኝ።

ለምን ሆነላቸው? አንደኛ፣ ኒያሜ አጠገብ ያለ የማሽላ ማሳ ዋጋዱጉ አጠገብ ካለው አይለይም። ሦስተኛው ክምር፣ እኛን የሚያስቸግረን፣ እነሱን አላስቸገራቸውም። ሁለተኛ፣ አብዛኞቹ በፈረንሳይኛ ይሠራሉ። ሦስተኛውና ዋናው ግን ችግር ነው። አንዳቸውም ብቻቸውን ሙሉ የመርማሪ ቡድን ማቆም አይችሉም ነበር። ከዘጠኝ አገር አንድ አንድ ሰው ሲዋጣ ግን ቡድን ይሆናል። ዕቁብ በሉት።

ውጤቱ ከሠፈር አልፎ ተሰምቷል። ቡርኪና ፋሶ ገበሬዎቿ በፓራኳት እንዴት እንደሚጎዱ በየመንደሩ አስጠንታ ጉዳዩን ለሮተርዳም ስምምነት አቀረበች። ኮሚቴው ራሱ ፓራኳትን ከሳህል አስወጣ። ቻድ ደግሞ ፌንቲዮንን አቀረበች። ፌንቲዮን ግሪሳ ወፍ ላይ ከአውሮፕላን የሚረጨው ነው፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ማሽላ የዘራ ሰው ግሪሳ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ከዓመታት ክርክር በኋላ በ2025 ጠንካራው የፌንቲዮን ዓይነት ሮተርዳም ዝርዝር ውስጥ ገባ። የኛንም ማሳ የሚመለከት ጉዳይ ቻድ ጨረሰችልን።

አሁን ደግሞ ጉዱን ልንገራችሁ። ማኅተሙ የጋራ ሆነ እንጂ ፍተሻው የየአገሩ ነው። ገበያ ወጥታችሁ ብታዩ ያልተመዘገበው ጠርሙስ ከተመዘገበው ጎን ተደርድሯል። ምክንያቱም በዙሪያቸው ያሉት ትልልቅ ገበያዎች፣ ናይጄሪያና ጋና፣ የኮሚቴው አባል አልነበሩም። ያንን ቀዳዳ ለመድፈን የምዕራብ አፍሪካ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ በ2008 ሁሉንም አገር የሚጠቀልል ደንብ አወጣ። ሥራው እየተጓተተ ሳለ ፖለቲካው መጣ። በጥር 2025 ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር ከማኅበረሰቡ ወጡ። የሳህሉ ኮሚቴ የቆመው በሌላኛው፣ በድርቁ ድርጅት ሥር በመሆኑ ተረፈ። የትኛው ድርጅት ጥላ ሥር እንደምትቀመጡ ስትመርጡ ይቺን ነገር አስቧት። ጠቅላይ ሚኒስትሮች የሚጣሉበት ቤት ውስጥ የጠርሙስ መዝገብ አታስቀምጡ።

አንበጣው ያሳየን

እኛ አካባቢ ከምንም ተነስተን አይደለም። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በ1962 ነው የተቋቋመው። የጋራ አውሮፕላን አለው። አንበጣን ብቻ ሳይሆን ግሪሳንና ተምችንም ይረጫል። በጋራ መርጨት ከስልሳ ዓመት በላይ እናውቅበታለን ማለት ነው። በጋራ መምረጥ ነው ያልለመድነው።

ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ የመጣው መንጋ ይሄን አሳየን። ለኢትዮጵያ በ25 ዓመት፣ ለኬንያ በ70 ዓመት ውስጥ የከፋው ተባለ። መንጋው አንድ ነው። ማታ ኦጋዴን ያደረው በሌላ ቀን ሶማሊያ ነው። እኛና ኬንያ በብዛት የረጨነው ክሎርፒሪፎስ፣ ማላታዮንና የመሳሰሉትን ኬሚካሎች ነው። ሶማሊያ ሜታራይዚየም የሚባለውን ሻጋታ መረጠች። ሻጋታው አንበጣንና ፌንጣን ብቻ ይይዛል፤ ከብቱን፣ ንቡን፣ ሰዉን አይነካም። ጉድለቱ ቀስ ማለቱ ነው፤ ለመግደል ቀናት ይወስድበታል። ሰብል ላይ ላረፈ መንጋ አይደርስም። ለሕፃኑ አንበጣ፣ ለኩብኩባው ግን ግሩም ነው።

ሁለቱም ምርጫ የራሱ ምክንያት ነበረው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሻጋታው በኢትዮጵያም በኬንያም አስቀድሞ ተመዝግቦ፣ የጋራ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮስ? በጥድፊያ ጊዜ የሚረጨው እጅ ላይ ያለው ነው። ክሎርፒሪፎስ በ2025 ከነልዩ ፈቃዶቹ ስቶክሆልም ዝርዝር ገብቷል፤ የሚቀጥለው መንጋ ከመምጣቱ በፊት ይሄን ጉዳይ መልክ ማስያዝ የግድ ነው።

እንግዲህ የትኛውን?

ችግራችሁ ኮንትሮባንድ ከሆነ፣ አምስተኛው መንገድ ብቻውን አያድናችሁም፤ ሳህልን እዩ። ሁለተኛውን ያዙ። ለሞያሌ፣ ለመተማና ለቶጎ ውጫሌ ኬላዎች በሥዕል የተሠራ አንድ ገጽ በቂ ነው፦ እነዚህ ጠርሙሶች እዚያ የተከለከሉ፣ እነዚህ እዚህ የተከለከሉ። የጉምሩክ ሠራተኛ ዶሴ አያነብም። ቀለበቱን ግን ያያል።

ችግራችሁ የባለሙያ እጥረት ከሆነ፣ ለመጀመሪያው ክምር ብቻ አምስተኛውን ተዋሱ። ሙሉ ማኅተም ማዋጣት አይጠበቅም። የመርዝነት ፋይሉን አዲስ አበባ፣ ናይሮቢና ካምፓላ ተራ በተራ አንብበው ማጠቃለያውን ቢለዋወጡ፣ አሁን ያለው ሰው ሦስት እጥፍ ይሠራል። የመጨረሻው ፊርማ የየራስ ይሁን። ሉዓላዊነት ምናምን የሚባለው ንትርክም አይነሳም።

የምትልኩት ዕቃ ካለ፣ አበባ ይሁን ቡና፣ የገዢው አገር የቅሪት ጣሪያ ከማንኛውም ክልላዊ ስምምነት ይቀድማል። የአውሮፓ ኅብረት ለይቶ ያልወሰነለት ኬሚካል በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ነው የሚፈቀድለት፤ የለም ከማለት አይተናነስም። ጫት ግን ወደ አውሮፓ አይሄድም፣ ወደ ጅቡቲና ሶማሊላንድ ነው የሚሄደው። ጠዋት ተቀጥፎ ከሰዓት በኋላ ሳይበስል፣ ብዙ ጊዜም ሳይታጠብ ጉንጭ ውስጥ ይገባል። ከመርጨት እስከ መቅጠፍ ስንት ቀን መቆየት አለበት የሚለውን ከጅቡቲ ጋር ተስማምቶ መጻፍ፣ ኢጋድ ቢፈልግ በአንድ ዓመት የሚጨርሰው ሥራ ነው። ዋና ጽሕፈት ቤቱም እዚያው ጅቡቲ ነው።

ሁሉንም መጀመር ካማራችሁ፣ የኮሜሳን የዘር ደንብ እዩ። በ2014 የወጣ ነው። አንድ ዝርያ በሁለት አባል አገር ከተለቀቀ በጋራ መዝገቡ ገብቶ በሌሎቹም መሸጥ ይችላል ይላል። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሱዳንና ኡጋንዳ ሁሉም ኮሜሳ ውስጥ አሉ። ይሄን ወደ ፀረ-ተባይ ስታመጡት ገልብጡት። ሁለት አገር የከለከለው ኬሚካል በሌሎቹ ሁሉ ወዲያው እንደገና ይመርመር። ለመፍቀድ መቸኮል አያስፈልግም፤ ለመጠርጠር ግን ሁለት ምስክር ይበቃል። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያው ስብሰባ የመጀመሪያ አጀንዳ ይቺ ትሆን ነበር፤ የሚያስፈልጋት የየአገሩ የተከለከሉ ምርቶች ዝርዝር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።